ለመኪና የተላኩ ሽማግሌዎች

ደርበው መኪና እንደሌለው የካናዳዋ ካልጋሪ ሐበሻ በሙሉ ያውቃል። መኪና እንደማይፈልግ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢነገረውም የሚያምን አልነበረም። በዚያ ብርድ ወዶ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ያበደ ነው ወይ የተረገመ።

ጊዜው ባቡሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በተዘረጋ በሁለተኛው የብርድ ወራት፣ ዊንተር በሚሉት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1987 መባቻ ነው። ደርበው ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር፣ ከምድር በታች አንድ ቤዝመንት ተከራይቶ ይኖራል። ጠዋት በአውቶቡስ ማርልቦሮ ስቴሽን ይደርሳል፤ ከዚያ በባቡር ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ፣ ሄዶ የሆቴል አንሶላ ያጥባል። ሥራ ቦታ ማሽኑ ያገሳል። ቤት ሲገባ የአከራዩ ልጆች አናቱ ላይ ይዘላሉ። ለደርበው በዚህ ምድር ላይ የቀረችው ጸጥታ የኋለኛው ፉርጎ ውስጥ ያለች አንዲት የመስኮት ወንበር ናት። እዚያ ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አይመክረውም። ብሪጅላንድን አልፎ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ቦው ወንዝ ከሥር እንደ ድስት ይጨሳል፤ ፀሐይዋ ጭሱ ውስጥ ትንቦገቦጋለች። ያኔ ደርበው አንዳንዴ ንጉሥ ይሆናል፣ አንዳንዴ ዓሣ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም። ምንም የሚሆንባቸውን ቀናት አብልጦ ይወዳቸዋል።

መኪና የገዛ ሐበሻ ምን እንደሚደርስበት በዓይኑ አይቷል። ፀጋዬ ቫን የገዛ ዕለት ሰው ተሰብስቦ መረቀው። ከዚያ ወዲህ ፀጋዬን ቤቱ ያገኘው የለም። የአንዱን ሶፋ ይጭናል፣ ሌላውን ኤርፖርት ያደርሳል፣ እንትናን ክሊኒክ ወስዶ እስክትወጣ ይጠብቃል። ሚስቱ እንኳ ልታየው ሲያምራት ራይድ ትጠይቀዋለች እየተባለ ይወራል።

ስለዚህ ደርበው በበረዶው ሲራመድ አንዱ መኪናውን አቁሞ ግባ ሲለው፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው እያለ ያልፋል። ይህ መልስ ብዙ ወሬ ወለደ። ጠጥቶ ሲነዳ ላይሰንሱን ተነጥቋል ያሉ ነበሩ። ስለት አለበት ያሉም ነበሩ። እትዬ ወለተማርያም ግን ድህነት ነው፣ ልጁ አፍሮ ነው ብለው ደመደሙ። እትዬ ወለተማርያም የደመደሙትን ነገር የሚከፍት ደግሞ አልተፈጠረም።

የሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ጠላው ዞሮ ሳያበቃ፣ እትዬ ጉዳዩን አነሱት። የሰው ልጅ በረዶ ላይ እየተንከራተተ እኛ እዚህ ድፎ ስንቆርስ መልአኩ ምን ይለናል አሉ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ጋሼ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አሮጌዋን መኪናዬን ለልጁ ሰጥቻለሁ አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። መኪናዋን የሚያውቋት ቀስ ብለው ነበር ያጨበጨቡት። ቡናማ ናት፣ የጣናን ታንኳ ታክላለች፣ ማሞቂያዋ የሚሠራው በበጋ ነው፣ ቤንዚን ስትጠጣ ደግሞ ተዝካር ቤት የገባ ደብተራ ነው የምትመስለው።

ስጦታው ልጁን እንዳያሳፍረው ተብሎ በሽምግልና እንዲሆን ተወሰነ። ሦስት ሰው ተላከ። አንደኛው ባለመኪናው ጋሼ መኳንንት፣ የቀድሞ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም። ሁለተኛው ጋሼ ደበሳይ፣ አሥመራ ላይ አስተማሪ የነበሩና አሁን ዳቦ ቤት የሚሠሩ። ሦስተኛዋ እትዬ ወለተማርያም። ሴት በሽምግልና አትላክም የሚል ሰው ቢኖርም ፊታቸው ቆሞ አላለውም።

መጡ። ተቀመጡ ሲላቸው አሻፈረን አሉ። የደርበው ቤዝመንት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ የማሞቂያው ቱቦ ደግሞ ከጣሪያውም ዝቅ ብሎ ያልፋል። ጋሼ መኳንንት ቁመታቸው የባንዲራ እንጨት ስለሆነ፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ መስቀል ሊሳለም እንደቀረበ ሰው ሆነው ቆሙ።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው» አሉ ወደ ምንጣፉ እያዩ። «ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም።»

ደርበው ደነገጠ። ሴት ልጅ የለችው፣ እህቱ ያለችው ደሴ። ምን ሊጠይቁት ነው? ጉዳዩ ሲነገረው ደግሞ ይበልጥ ደነገጠ። አይሆንም ቢል ሽማግሌ መለሰ ይባላል፤ ስሙ ከካልጋሪ አልፎ ኤድመንተን ድረስ ይጠፋል። እሺ ቢል ያቺ ወንበር፣ ያ ጭስ፣ ያ ምንም መሆን፣ ሁሉም አበቃለት፤ ሁለተኛው ፀጋዬ ሆነ ማለት ነው። ላብ እያጠመቀው ሳለ፣ እህቱን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ጊዜ አባቱ ያሉት ትዝ አለው።

«ደግ» አለ። «ዘመድ ላማክርበትና ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ የለመዱትን መልስ ሲሰሙ ደስ አላቸው። እጅ ነሥተው ወጡ። በር ላይ ደርሰው ነው ጋሼ ደበሳይ፣ እዚህ አገር ይሄ ልጅ ምን ዘመድ አለው ብለው የጠየቁት።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ተመለሱ። የዚያን ቀን ብርዱ ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚያደርቅ ነበር። ደርበው በቤዝመንቱ መስኮት፣ ከመሬት እኩል ሆኖ፣ መጀመሪያ አንድ ወፍራም ጎማ አየ። ቀጥሎ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር እንደ ምላስ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ አየ። መኪናዋን ይዘዋት መጥተዋል።

እዚያ አገር በዊንተር መኪና እንደ ፍሪጅ ነው፤ ያቆመ ሰው ሞተሩ እንዲሞቅ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ያልሰካው እንደሆነ ሞተሩ ይደርቅና ነገ የሚነሣው በመድኃኔዓለም ፈቃድ ነው። የደርበው አከራይ ደግሞ ውጭ ሶኬት የሚባል የለውም። ደርበው ምላሷን ትኩር ብሎ አያት። ሳይታወቀው ማሰብ ጀመረ።

ሦስቱም እንደ በፊቱ ቆሙ፤ ጋሼ መኳንንትም ቱቦው ሥር ተሰበሩ። ዘመዶችህ ምን አሉ ተባለ። ደርበው መልሱን ትቶ፣ መኪናዋን ትተውልኝ በምን ሊመለሱ ነው ብሎ ጠየቀ። እትዬ ወለተማርያም ጥያቄው አስገረማቸው። አንተ ታደርሰናለህ እንጂ አሉ፤ ማኅበርተኛው ብሪጅላንድ ደበሳይ ቤት ቁጭ ብሎ እየጠበቀን ነው፤ ማታም የሺዋስን ከሥራ ታመጣዋለህ፤ ነገ ደግሞ ለኔ የዱቄት ጆንያ አለ።

ቁልፉን ሳይነካ ሦስት ራይድ ተይዞለታል።

«እሺ፣ እቀበላለሁ» አለ ደርበው። «ግን አንድ ቃል አለኝ። ዛሬ እናንተን ሁላችሁን ብሪጅላንድ ካደረሰች የኔ ናት። ካላደረሰች ግን ነገሩ ዳግመኛ እንዳይነሣብኝ።»

ጋሼ መኳንንት መኪናቸው በመጠርጠሯ አኮረፉ። ሚካኤል ይስማኝ፣ ቃሌ ነው አሉ። ጉዳዩ ሞላ ተባለና ሁሉም ተቀመጡ፤ የጋሼ መኳንንት አንገት ግን ወዲያው አልቃናም።

ደርበው ሻይ ጣደ። ከዚያም ትሕትናው ራሱን እስኪያስፈራው ድረስ ዝቅ ብሎ፣ ከመነሣታችን በፊት ምርቃትና ምክር ብታወርሱኝ፣ መኪና የያዘ ሰው እንዴት መኖር አለበት አላቸው። ሽማግሌን ምክር መጠየቅ ግድብን መሸንቆር ነው። ጋሼ መኳንንት ከጎማ ጀምረው እስከ ትዳር ዘለቁ። ጋሼ ደበሳይ፣ ትዳሩን ትተነው ወደ ፍሬኑ እንመለስ ብለው ከጣሊያን ዘመን ተነሡ። እትዬ ወለተማርያም በመኪና ማንን መጫን፣ ማንን አይቶ እንዳላየ ማለፍ እንደሚገባ በስም በስም እየጠሩ አስረዱ። ንግግሩ የበረደ ሲመስል ደርበው፣ ዘይቱስ ጋሼ፣ ይላል። እንደገና ይግላል። እሱ ሻይ እየቀዳ በመስኮቱ ይሰርቃል፤ ጎማዋ መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ነጭ ሆነ። ትንሽ አፈረ። ግን ስኳር ጨመረላቸው።

ሊመሽ ሲል ተነሡ። ጋሼ መኳንንት የመጨረሻዋን ክብር ለራሳቸው አስቀርተው መሪው ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩት። መኪናዋ ከወንበሩ እንደሚነሣ ሽማግሌ «እህ» አለች። ደርበው ትንፋሹን ዋጠ። ሁለተኛ ሲያዞሩት ረዘም አድርጋ «እህህ» አለች፤ ልትነሣም ትመስል ነበር። ሦስተኛው ላይ ዝም አለች። ጋሼ ደበሳይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ለፀጋዬ ተደወለ። ሚስቱ አነሣችና፣ ካገኛችሁት ሰላም በሉልኝ አለች። በጋሼ መኳንንት አዲስ መኪና ልጃቸው ኤድመንተን ሄዶባታል። ታክሲ ሲጠየቅ በዚህ ብርድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ አለ። ደርበው ኮቱን ለበሰ።

አውቶቡሱ መጣ። እትዬ ወለተማርያም ጉለሌ ሳሉ ሃያ ዓመት በአንበሳ አውቶቡስ የተመላለሱ፣ በክርናቸው የተፈሩ ሴት ናቸው። በሩ ሲከፈት ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ክርናቸውን ደግነው፣ ተወርውረው ገቡ። ውስጥ ሾፌሩና አንዲት የተኛች ፈረንጅ ብቻ ነበሩ። እትዬ ባዶ ወንበሮቹን አይተው ቅር አላቸው።

ማርልቦሮ ላይ ጋሼ መኳንንት የባቡር ትኬታቸውን ለቆራጩ ሊያሳዩ አዘጋጁ። ቆራጭ የለም ጋሼ፣ እዚህ ሰው ይታመናል አላቸው ደርበው። የጉምሩክ ሹሙ ይህን ሲሰሙ ክፉኛ ታመሙ። የሚቆጣጠር ሳይኖር ከፍሎ መግባት ለሳቸው ሌብነት መሰላቸው። ከባቡሩ እስኪወርዱ ድረስ ትኬቷን ከፍ አድርገው እንደ ጧፍ ያዙ። የጠየቃቸው የለም።

የደርበው ፉርጎ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሼ ደበሳይ ወንበሩን መታ መታ አድርገው፣ ደህና ነው፣ ከአሥመራ ምጽዋ የሚወርደውን ሊቶሪና ግን አያክልም አሉ። ጋሼ መኳንንት ሳቁ። ባቡር ማለት የድሬዳዋው ነው፣ ያ የእናንተው ሐዲድ ላይ የወጣ አውቶቡስ ነው አሉ። ሁለቱ ለወዳጅነታቸው ሲሉ ፖለቲካ እንዳያነሡ ከተማማሉ ወዲህ የሚጣሉበት አጥተው ነበር የከረሙት። መኪና ውስጥ ደግሞ ጠብ አይመችም፤ ነጂው ፊቱን አያዞርም፣ ከኋላ ያለው የሚሰድበው ማጅራት ነው። እዚህ ጉልበት ለጉልበት ተገናኝተው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ አንዱ ዋሻ ሲቆጥር ሌላው ድልድይ እየቆጠረ፣ በዓመታት ውስጥ ያላገኙትን ጥጋብ ጠገቡ።

ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ ባቡሩ ከመኪናው መንገድ ጎን ይሮጣል። መኪናው ሁሉ በበረዶው ተቆልፎ ቆሟል። እትዬ ወለተማርያም መስኮቱን በእጃቸው ጠረጉና፣ «ፀጋዬ አይደለም እንዴ?» አሉ። ነው። ቫኑ ሙሉ ሰው ነው፤ አንደኛው ጭኑ ላይ ቴሌቪዥን አቅፏል። እትዬ እንደ ንግሥት እጃቸውን አወዛወዙለት። ፀጋዬ አፉን እንደከፈተ ወደ ኋላ ቀረ። በኋላ እንደተናገረው፣ ጋሼ መኳንንት ወረቀት ከፍ አድርገው ሲያይ ሽማግሌዎቹን መንግሥት ሰብስቦ ወደ አገራቸው የሚልካቸው መስሎት ነበር።

ብሪጅላንድን በክርክር አለፉት። ዳውንታውን ውስጥ ባቡሩ በነፃ ነው ሲባሉማ ጨርሶ አንወርድም አሉ። ሦስት ጊዜ ጫፍ ደርሰው ተመለሱ። ደርበው መስኮቱን ታቅፎ፣ ወንዙን በተሻገሩ ቁጥር ንጉሥ ለመሆን ሞከረ፤ በሊቶሪናና በድሬዳዋ መሃል ግን ንጉሥ የሚሆንበት ቦታ አልተገኘም።

ማኅበርተኛው በረሃብ ሊበታተን ሲል ደረሱ። ሁሉም፣ ልጁ መኪናውን ተቀበለ ወይ አለ። እትዬ ወለተማርያም ነጠላቸውን አስተካክለው ፍርዱን ሰጡ።

«ልጁ ድሃ አይደለም» አሉ። «ስስታም ነው። ይህን ነገር ብቻውን ሲበላው ከርሟል።»

መኪናዋ ደርበው በር ላይ በረዶ ለብሳ ቀረች። የአከራዩ ልጆች ጣሪያዋን መንሸራተቻ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ ቤዝመንቱ ጸጥ አለ። ከፉርጎው የሄደችው ጸጥታ በዚህ በኩል ዞራ የመጣች ትመስላለች።

ሰኞ ጠዋት ደርበው ወንበሩ ላይ ነበር። ብሪጅላንድ ላይ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ አንዲት ትኬት ገባች፤ ከሥሯ ጋሼ መኳንንት ገቡ። ማታ ከኤድመንተን የገባችው አዲሷ መኪና ብርድ እንዳይመታት ትረፍ ብዬ ነው አሉ፣ ሳይጠየቁ። ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ደርበው መጽናናት አቅቶት ያቺን ቡናማ ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቃት።

ባቡሩ ድልድዩ ላይ ወጣ። ወንዙ ይጨሳል፤ ፀሐይዋ ጭሱ ውስጥ ትንቦገቦጋለች። ጋሼ መኳንንት ሊናገሩ የከፈቱትን አፍ ረስተውት ወደ ውጭ አዩ። ትኬቷ ቀስ እያለች ጉልበታቸው ላይ ወረደች። ደርበው በጎን አያቸው፤ ንጉሥም አይመስሉም፣ ዓሣም አይመስሉም። ምንም ሆነው ነበር።

ይህ እስከ ድልድዩ ጫፍ ቆየ።

«እህሳ» አሉ ከዚያ፣ ትኬቷን መልሰው እያነሡ። «ሚስት የማግባቱንስ ጉዳይ ምን አሰብክ?»

«ዘመድ ላማክርበት ጋሼ» አለ ደርበው ወደ መስኮቱ እየዞረ። «ሌላ ቀን ይመለሱ።»

«ነገ በዚሁ ባቡር እመጣለሁ» አሉ።