ንገሪልኝ

ዓለምሸት ሕፃኗን በግራ ክንዷ ታቅፋ እያጠባች በቀኝ እጇ የድምፅ መቅረጫውን ማጫወቻ ቁልፍ ተጫነች። በማዳመጫው ውስጥ አንዲት ሴት በቤንችኛ ተናግራ ስትስቅ ተሰማት። ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለችና በአንድ ጣቷ «(ትስቃለች)» ብላ ጻፈች።

«ብርድ ይመታሻል ብዬሻለሁ!» አሉ አማቷ እማማ ማናልሞሽ፣ የአጥሚት ኩባያ ይዘው እየገቡ። «መንግሥት ተኝተሽ ብዪ ብሎ ደመወዝ ይከፍልሻል፤ አንቺ ደግሞ ሌላ ሥራ! በሁለት ቢላዋ መብላት ይሏል ይሄ ነው።»

«እማዬ፣ ክርስትናው ደረሰ እኮ። በልጅዎ ደመወዝ ብቻ ምን ይደገሳል?»

«ያለንን እንደግሳለን። አሁን ይልቅ ጠጪ!»

ዓለምሸት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። ከቡና እርሻው የሚመጣ አማርኛ የማይሰማ ባለጉዳይ ሁሉ ከዳኛው ጋር የሚነጋገረው በእሷ አፍ ነው። ቤንችኛን ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። የወሊድ ፈቃድ ላይ መሆኗን የሰማ ኢሳይያስ የሚባል የምታውቀው ሰው ነው ይህን ሥራ ያመጣላት። ወሊድ ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን እናቶች ድምፅ ለአንድ ጥናት ይሰበስባል፤ እሷ ደግሞ ወደ አማርኛ ትመልስለታለች። ሲሰጣት እንዲህ ብሏት ነበር፦ «ሳቅም ለቅሶም ካለ በቅንፍ አስገቢ፤ አንቺ የምታውቂው ማብራሪያ ካለም እንደዚያው። መጨረሻው ላይ ‹ተርጓሚ› የሚለውን ግን ባዶ ተይው። በደመወዝ ፈቃድ ላይ ሆነሽ ሌላ ሥራ መያዝሽ ከተሰማ እንጀራሽን ያሳጣሻል።»

ድምፁ ቀጠለ። ኢሳይያስ የላከው ጠያቂ ሴትዮዋን ከወለደች በኋላ ምን ያህል እንዳረፈች ጠየቃት።

«አራስ ቤት ለማን ብዬ? ቡናው ቀልቷል፤ ቅርጫቴን አንግቼ ወጣሁ። ጡቴ ግን አላወቀም። ልጁ እንደሌለ ማን ይንገረው? ቀሚሴ እየራሰ እለቅማለሁ።»

የዓለምሸት ጣት ፊደሉ ላይ ቀረ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ኧረ እንዴት አታውቀው!

«አዋላጇ አማርኛ ብቻ ነበር የምትሰማው» አለች ሴትዮዋ። «የልጁ እግር ቀድሞ መጣ። እላታለሁ፣ እላታለሁ፣ አይገባትም። ‹አይዞሽ፣ ገና ነሽ› የምትለኝ ይመስለኛል። ከጎኔ ሌላ ወላድ ነበረች። በእኛ ቋንቋ እናቷን ስትጣራ ሰማኋት። ‹እህቴ፣ እግሩ ነው የቀደመው፤ ንገሪልኝ› አልኳት።»

ዓለምሸት ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለችው።

እሷንም ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ሳለ ነበር ምጡ ያለቀኑ የያዛት። በዚያች የገጠር ጤና ጣቢያ ሁለት አልጋና አንዲት አዋላጅ ብቻ ነበሩ። አዋላጇ የዓለምሸትን እጅ ይዛለች። ከወዲያኛው አልጋ «ንገሪልኝ» የሚለው ልመና መጣ፤ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ገባት። ለዳኛ ስንቱን ስታስተረጉም የኖረች ሴት ያን ቀን ከንፈሯን ነከሰች። ከተናገረች አዋላጇ እጇን ለቃ ወደዚያ ትሄዳለቻ! ፈራች። ሴትዮዋ ደግማ ጠየቀቻት፤ እሷም ደግማ ዝም አለች። ቆየት ብሎ የእሷ ልጅ አለቀሰች። ከወዲያኛው አልጋ የሕፃን ድምፅ አልተሰማም።

«ምን ትላለች?» አሉ እማማ ማናልሞሽ። «ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ምንም። ስለ ቡና ለቀማ ነው የምታወራው።»

«ቡና ለቀማ እንዲህ ያስለቅሳል?»

ዓለምሸት ዓይኗን ወደ ላፕቶፑ መለሰች። አማቷም አላስጨነቋትም፤ ሕፃኗን ተቀብለው ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ ወደ ጓዳ ገቡ።

ዓለምሸት ስልኳን አነሳች። «ኢሳይያስ፣ አንዱን ክፍል ብዘለውስ?»

«ስለ ምንድን ነው?»

«ከጎኗ ስለተኛች ሴት ነው።»

«በይ ዝለይው ባክሽ፣ እሱን ማን ያነበዋል! ዛሬ አድርሺልኝ ብቻ።»

ተገላገለች። አጥሚቱን እንኳ አንስታ ተጎነጨች። እንዴት ያለ እፎይታ ነው፣ ሰው ኃጢአቱን ሌላ ሰው «ዝለይው» ሲለው! የሚዘለለው የት ድረስ እንደሆነ ለማወቅ ማዳመጫውን መልሳ ሰካች።

«ዝም አለችኝ» ይላል ድምፁ። «አልሰማችኝም መሰለኝ። ምጥ ጆሮ ይደፍናል፣ እኔ አውቃለሁ። ልጇ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ፤ ጥሩ ድምፅ ነበራት። እግዜር ያሳድግላት።»

ዓለምሸት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብትረግማት ይሻላት ነበር። ርግማን ቢሆን ትችለው ነበር፤ ምርቃቱን ግን በምን አንጀቷ ትቻለው? «ንገሪልኝ» ስትባል ለአዋላጇ ያልነገረችላት እሷ! ጓዳ ውስጥ ልጇ አለቀሰች፣ አማቷ እሹሩሩ አሉላት፣ ዝም አለች።

ጉንጮቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጣቷን መልሳ ፊደሉ ላይ አሳረፈች። ሁሉንም ጻፈችው፤ የቡናውን ቅርጫት፣ የራሰውን ቀሚስ፣ የቀደመውን እግር፣ «እህቴ፣ ንገሪልኝ» የሚለውን። ምንም አልዘለለችም። «አልሰማችኝም መሰለኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቅንፍ ከፈተች።

«(ሰምታታለች።)»

ከዚያ እስከ መጨረሻው ወረደች። «ተርጓሚ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ባዶ እንድትተወው የተነገራት ቦታ አለ። «ዓለምሸት ወልደአማኑኤል» ብላ ስሟን ከነአባቷ ሞላችበት።