ከፎቁ ፊት ለፊት የተተከለው ድንኳን

ሰርካዲስ ድንኳኑን ስትዋስ ለቅሶ አላሰበችም። ያሰበችው እንቅልፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደሴ ፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከእሷ ቤት ጀርባ፣ ባለ አራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ቆሟል። ቆሟል ማለት እንኳ ለሕንፃው ማድላት ነው፤ ዘሟል። ማንም ሳይገባበት ዘጠኝ ዓመት ተቆልፎ ምሰሶው ተሰነጠቀ፣ በረንዳው ላይም ቁልቋል በቀለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ብሎኬት ወርዶ የሰርካዲስን ማድ ቤት ቆርቆሮ በሳና ሽሮ ድስቱ ውስጥ ገባ። እሷም ልጇን ነፃነትን አቅፋ፣ ለሽሮው ሳይሆን ለሁለታቸው ጭንቅላት አለቀሰች። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አፈሩ ከራሰ በኋላ የሚወርደው አንድ ብሎኬት ብቻ እንደማይሆን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ጉዳዩን የያዘው የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ዳምጤ እዚያው ሰፈር የሚኖር ጨዋ ሰው ነው። ቢሮው በሄደች ቁጥር ወንበር ስቦ ያስቀምጣታል።

"እትዬ ሰርካዲስ፣ እንዲፈርስ ተወስኗል። የቀረን የባለቤቱ ፊርማ ነው። ሞተው ከሆነም የወራሾቻቸው።"

ባለቤቱ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ግን ቤቱን ቆልፈው ከሄዱ ወዲህ ስልካቸው አይሠራም። ኮምቦልቻ ናቸው የሚል አለ፤ ሐርቡ ናቸው የሚልም አለ። ሰርካዲስ ሁለቱንም ከተማ ዞራ ባዶ እጇን ተመልሳለች።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት የቅሬውን ድንኳን ለመነች። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀባበርበታል። ድንኳኑን ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቁ ቢወድቅ እንኳ ከማይደርስበት ቦታ አስተክላ ፍራሿንና የስፌት መኪናዋን አስገባች።

ምን ነክቷት እንደረሳችው እንጃ፣ በዚህ አገር የቅሬ ድንኳን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ሰው ገብቶ ያለቅሳል። ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቀው እንባውን ከጠረገ በኋላ ነው፤ ቀድሞ መጠየቅ ነውር ነው።

መጀመሪያ የደረሱት እማማ አትጠገብ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ከመንገድ እያለቀሱ ገቡና ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ዙሪያውን ቃኙ። ሰርካዲስ በሕይወት አለች። ነፃነትም አለች። ፊት ለፊት የሚታየው የሐጂ ፎቅ ነው። የቀረውን እሳቸው ሞሉት።

"ወይኔ ሐጂ ዘይኑ! ወይኔ ደጉ ሰው! ቤቱን ሳይኖርበት!"

"ኧረ እማማ..." ብላ ሰርካዲስ አፏን ስትከፍት ጎረቤቷ ነጂባ አንድ ትሪ ንፍሮ ይዛ ገባች። መቼ እንደቀቀለችው አላህ ይወቅ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ሐጂ ናቸው?" አለችና ተቀመጠች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ባጃጅ ተደረደረ፣ ድንኳኑ ሞላ። ሰርካዲስ ማንም አልሞተም ልትል ብድግ አለች። ብድግ እንዳለች የዳምጤ ቃል ትዝ አላት፦ ሞተው ከሆነም የወራሾቻቸው። ወራሽ ደግሞ የትም ቢሆን ከለቅሶ አይቀርም!

ቀስ ብላ ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እግዜር ይቅር ይበላትና እሷም አለቀሰች፤ የዘጠኝ ዓመት ንዴት ስለነበረባት እንባው አላስቸገራትም። የሐጂ ዘመድ ነኝ ላለ ሁሉም የራሷን ስልክ ቁጥር ሰጠች።

ወሬው ኮምቦልቻ ወረደ፣ ሐርቡም ደረሰ። በማግስቱ ቀትር ላይ ከሐርቡ የመጡ ለቀስተኞች ከሚኒባስ ሲወርዱ፣ ከኋላቸው ነጭ ኮፊያ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ገብተው እማማ አትጠገብ አጠገብ ተቀመጡ። ንፍሮ ቆነጠሩ።

"ሟቹ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?" አሉ።

"ደግ ነበሩ እንጂ! ይኸን ቧንቧ ለሰፈሩ ያስገቡት እሳቸው አይደሉ? ምን ያደርጋል፣ ፎቁ ነው ያጠፋቸው።" እማማ አትጠገብ አፍንጫቸውን ጠርገው ቀና አሉ። የሽማግሌውን ፊት አዩ። ደግመው አዩ።

"በስመ አብ!"

ከዚያ በኋላ ማን በየት በኩል እንደወጣ የሚያውቅ የለም። የነጂባ ትሪ በረረ፤ ንፍሮው የቅሬው ሰብሳቢ አንገት ውስጥ ገባ። እማማ አትጠገብ፣ ጉልበቴን እያሉ ዓመት ሙሉ የሚያማርሩት ሴትዮ፣ አግዳሚውን ዘለውት ሄዱ።

"አብሽሩ፣ አለሁ!" አሉ ሐጂ፤ ወገባቸውን ይዘው እየሳቁ። "ወላሂ ለሌላ ጉዳይ ተሳፍሬ፣ መሞቴን የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነገረችኝ።"

"ታዲያ ለምን መጡ?" አለች ሰርካዲስ።

"ማን ማን እንደመጣ ልይ ብዬ ነዋ።"

እግራቸው ላይ ወደቀች። ስለ ብሎኬቱ፣ ስለ ሽሮው፣ ስለ ነፃነት አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ዳምጤ እንደ ቅሬ አባልነቱ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነበር። ወረቀቱም ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ወራሾቹን እሱም ሳይጠብቅ አልቀረም።

ሐጂ ፎቁን ትክ ብለው አዩት። ሳቃቸው ጠፋ።

"አራት ፎቅ ለአራት ልጅ ብዬ ነበር። አንዳቸውም አንድ ሌሊት አላደሩበት። ማፍረሱም አቃተኝ፣ ማየቱም አቃተኝ። ይኸው ልጅሽን ልፈጅብሽ ነበር፤ አፉ በዪኝ።"

ስፌት መኪናው ላይ ተደግፈው ፈረሙ። "ሰኞ ማሽኑ ይገባል!" ብሎ ዳምጤ ሲጮህ፣ ተመልሰው የገቡት እማማ አትጠገብ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ እልል አሉ። ሰርካዲስም ልጇን አንስታ አሽከረከረቻት።

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። የሐጂ ልጅ ሰልዋ ናት፤ ድምጿ በለቅሶ ሰልሏል።

"እትዬ፣ ድንኳኑ የት ጋ ነው? አራታችንም አብረን ነን፤ ኮምቦልቻን አልፈናል።"

"አብሽሪ የኔ እህት! አባትሽ..." ልትል ስትል ሐጂ እጇን ለቀም አደረጓት።

"አራቱም ናቸው?" አሉ በሹክሹክታ። ራሷን ነቀነቀች። "በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳትነግሪያቸው። መኖሬን ከሰሙ ይመለሳሉ።"

ሰርካዲስ ሽማግሌውን አየቻቸው። እጃቸው እጇን አልለቀቀም።

"ከፎቁ ፊት ለፊት ነው፤ ኑ፣ እየጠበቅናችሁ ነው" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ሐጂ ኮፊያቸውን አስተካክለው ከአግዳሚው ጫፍ፣ መንገዱ በሚታይበት በኩል ተቀመጡ።