የአራስ ቤት እሳት

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በአዳማ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ እሳት መጫር የጠዋት ወግ ነበር። እሳቷ ያደረላት ትሰጣለች፤ የጠፋባት ገል ይዛ ትመጣለች። ፍሙ እስኪመረጥ ድረስ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ይወራል። ፍም ለመምረጥ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም ነበር፤ ግን ማንም አይቸኩልም።

ሀጂራ ባሏን ንዳድ ከወሰደባት ወዲህ የምትጭረው ከጎረቤቷ ከዘርፉ ነበር። አንዷ የወሎ እስላም፣ ሌላዋ የቡልጋ ክርስቲያን፤ በአንዷ ቤት የታረደውን ሌላዋ አትቀምስም፤ እሳታቸው ግን አንድ ነበር። ከዚያች የጠዋት ጨዋታ በኋላ ሀጂራ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ትውላለች። አላህ ልጅ አልሰጣትም። ዘመዶቿ ወሎ ቀርተዋል። ከእንዝርቷ በቀር ድምፅ የሚያሰማ በቤቷ ውስጥ አልነበረም።

ዘርፉ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሀጂራም ሄዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት፤ እስላም ብትሆንም የሰፈሩን ወግ ታውቃለች። ቤቱን ስታየው ግን ሆዷ ባባ። ባልየው ወዬሳ የሐዲድ ሠራተኛ ነው፤ ከወጣ ብዙ ቀን ሳይመለስ ይሰነብታል። አራሷም፣ ልታርሳት ከቡልጋ የመጣችው አክስቷም እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ሄዶ በር መደብደብ ምን የሚሉት ጉርብትና ነው? የሟች ባሏ የንግድ ባልንጀራ መሐመድዘይን ከድሬዳዋ ያመጣላት ክብሪት ነበራት። ዘርፉ ጠንታ እስክትነሳ ድረስ ብላ ክብሪቷን መጫር ጀመረች።

ሕፃኑ ክርስትና በተነሳ ሰሞን ለልጁ መጠቅለያ የሚሆን ነጠላ ይዛ ሄደች። ዘርፉ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለቻት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ግቢ የለ፣ ተቀመጪ የለ። ሀጂራ ነጠላውን ሰጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታቸው እንኳ ቀጠነ። ሀጂራ እንዝርቷን እያሾረች ምክንያት ትፈልግ ጀመር። ልጁን ስታይ «ማሻአላህ» ሳትል ቀርታ ይሆን? መካን ናትና ዓይኗ አይበጅም ብለው ይሆን? ዶሮዋ የዘርፉን ስጥ ጭራባት ይሆን? ዶሮዋ ደግሞ ከሞተች ከርማለች። ሰው ብቻውን ምክንያት ሲፈልግ በመጨረሻ የሚያገኘው ያው ራሱን ነው፤ ሀጂራም ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ጨረሰችው፤ ምን እንዳጠፋች ግን አታውቅም። ያ ነው ያንገበገባት።

ኡሙሰልማ የምትባለውን ሌላዋን ጎረቤቷን ጠየቀቻት። «ምን አውቄ እቴ» አለች ኡሙሰልማ፤ እንደማያውቅ ሰው ግን አልነበረም አነጋገሯ። ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ሽማግሌ፣ ኦቦ ኢተፋን፣ ጠየቀቻቸው።

«የዘርፉን ነገር ከኔ ትጠይቂያለሽ? ቤቷ ያውልሽ» አሉ በዱላቸው እያመለከቱ።

«እንዴት ብዬ ልጠይቃት?»

«ለምን ብለሽ ነዋ።»

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። ይላል እንጂ፣ ሥሩ ጎረቤት ቤት ሲሆን ዞሮ ዞሮ ቅጠሉን ሲያራግፍ ነው የሚውለው። ሀጂራም እንዲሁ። ዛሬ እጠይቃታለሁ ትልና፣ ኮስታራ ፊቷን ስታይ ነገ ትላለች።

በዚህ መሐል መሐመድዘይን በምንጃር አድርጎ ወደ ወሎ ሊመለስ ተነሳ። «ወንድምሽ ይዘሃት ና ብሎኛል። እዚህ ማን አለሽ?» አላት። ይህን ሁልጊዜ ይጠይቃት ነበር፤ እሷም ሁልጊዜ «ጎረቤት አለኝ» ትለው ነበር። ያን ቀን ቃሉ ከአፏ አልወጣ አለ። «እሺ፣ ይውሰዱኝ» አለችው። ቤቷን ለኡሙሰልማ አደራ ሰጠች።

የመሄጃዋ ጠዋት ጓዟ በቅሎ ላይ ተጭኖ ሳለ፣ ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ነውና ወደ ዘርፉ ደጅ ሄደች። ዘርፉ ልጇን አዝላ ወጣች።

«ልሄድ ነው፤ አፉ በዪኝ» አለቻት ሀጂራ።

«ምን አድርገሽኝ?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ለምን እንደጠላሽኝ ንገሪኝና ልሂድ። ወሎ ድረስ ይህን ተሸክሜ አልዘልቀውም።»

ዘርፉ ትክ ብላ አየቻት። «እኔ ነኝ የጠላሁሽ? ከወለድኩ ማግስት ጀምሮ እሳቴን የተጠየፍሽ አንቺ! የአራስ ቤት ነው፣ ጠበል አልተረጨም ብለሽ ነው አልኩ፤ ይሁን፣ ያገሬም ሰው ያደርገዋል። ተረጨ። ልጁም ክርስትና ተነሳ። አሁንም ቀረሽ። ጭስሽን አያለሁ፤ ከማን እንደምትጭሪ እንኳ ሰው መጠየቅ አፈርኩ።»

ሀጂራ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። «የአራስ ቤት እሳት መጠየፍ በኛ ዘንድ የለም። እንቅልፍሽን ብዬ ነው ዘርፉ። ክብሪት ነበረኝ። ኋላ ልመለስ ብል ፊትሽን ፈራሁ።»

«ክብሪት?» ዘርፉ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ክብሪትማ እኔም ሞልቶኛል። ወዬሳ ገና ከተጋባን ጀምሮ ከጣቢያ ያመጣልኛል።»

«ታዲያ በዚህ በቆላ ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ እሳት የምታዳፍኚው ለምን ነበር?»

ዘርፉ ልጁን ከጀርባዋ ላይ ከፍ አደረገችው።

«ወዬሳ ሲሄድ እኔንስ ማን ያናግረኛል? አንድ ክብሪት ሰጥቼሽ ቢሆን ኖሮ፣ ጠዋት ትመጪ ነበር?»

ሀጂራ እውነቱን ታውቀዋለች፤ አትመጣም ነበር። ይሉኝታዋ መች ያለ ጉዳይ ሰው ቤት ይሰዳታል? እነዚያ ጠዋቶች ሁሉ እሷ የተቸገረች ዘርፉ የምትረዳት መስሏት ነበር። አለቀሰች፤ ዘርፉም አጠገቧ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከታች ከመንገዱ መሐመድዘይን ሳይሞቅብን እንነሳ እያለ ይጣራ ጀመር። ሀጂራ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወረደች፤ የበቅሎውን ጭነት ራሷ ትፈታ ጀመር።

«ምን ነካሽ? ለምን?» አላት መሐመድዘይን። «ለወንድምሽስ ለምን ቀረች ልበለው?»

ሀጂራ ገመዱን መፍታቷን አላቋረጠችም።

«ጠዋት የሚጠብቃት ሰው አለ በሉልኝ» አለችው።

መሐመድዘይን ዞር ብሎ ሰፈሩን ቢያይ፣ ልጅ አዝላ መድረክ ላይ ከተቀመጠች አንዲት ሴት በቀር ማንም አልታየውም።