ነጭ የቀባሁት መንገድ

ማንም እንዳይስቅብኝ፤ በከተማችን ኮርቼ ነበር። ለእግር ኳስ ውድድሩ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ፣ ወደ ስታዲየሙ በሚወስደው መንገድ ያሉትን ቤቶች ግድግዳቸውንም በራቸውንም ነጭ የቀባነው እኔና ቀለም ቀቢ ጓደኞቼ ነን። ዕድሜዬን ሙሉ በጭቃ የተንቦጫረቅኩበት ሰፈር አስፋልትና መብራት ሲያገኝ ደረቴን ብነፋ ምን ይገርማል?

የእናቴ ቤት እዚያው መንገድ ላይ ነው። በሩ አረንጓዴ ነበር። እማዬ መርሳት ከጀመረች ወዲህ ከዳቦ ቤት ስትመለስ የቤት ቁጥር አታይም፣ ሰውም አትጠይቅም፤ አረንጓዴውን በር ፈልጋ ትገባለች። አለቃችን ይህን ያውቃል።

«የእናትህን በር እለፈው፤ እኔ አላየሁም» አለኝ።

«ተው እንጂ አለቃ! ከመቶ በር መሃል አንዱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እንግዳ ይሳቅብን? ለእናቱ አደላ ልባል?»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ሄደ።

ደራርቤ ቀባሁት። ለእማዬም ነገርኳት። ለእሷ መንገር ግን በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፤ ይህን እያወቅኩ ነው የቀባሁት።

የመክፈቻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከነቀለም ልብሴ የገባሁበት ስታዲየም በጩኸት ሲናጥ እህቴ ደወለች። እማዬ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ አልተመለሰችም። እየሮጥኩ መጣሁ፤ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እኔው የቀባሁት መንገድ እኔኑ ግራ አጋባኝ።

ከቤታችን አራት በር አልፋ፣ ሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዳቦዋን አቅፋለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ቁልፏን ጨብጣለች። የስንቱን በር ልትከፍት እንደታገለች እንጃ። ሌባ መስላው የጮኸባትም ሰው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ያን ሰው ልጣላው ሄጄ ነበር። ምን ብዬ ልጣላው? ጥፋቱ የኔ ነው።

«እማዬ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና በትህትና ፈገግ አለች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ከሰፈሬ ርቄ ሳልመጣ አልቀረሁም። እንዴት ያለ ያማረ ከተማ አላችሁ እባክዎ። የኔ ልጅ ቀለም ቀቢ ነው፤ ይህን ቢያይ እንዴት ደስ ባለው። ይመጣና ይወስደኛል እያልኩ እየጠበቅኩት ነው። አላዩትም?»

እናቴ አንቱ አለችኝ።

ልጅሽ እኔ ነኝ ልላት ብዬ ተውኩት። እንባዬን በቀለም ልብሴ ጠረግኩ።

«ይመጣል፣ እማማ» አልኳት እንደ መንገደኛ፤ ክንዷንም ይዤ አራት በር ወደ ኋላ መለስኳት።