በበረኪና የታጠበው ማጣሪያ

ሚስራን ንጽሕና ሲይዛት የሚመልሳት የለም። አል ዓይን ከተማ፣ አል ቶዋያ ሰፈር ባለው ቪላ ስድስት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ስትሠራ በረኪናዋ ያልነካው ነገር ቢኖር የባባ ጢም ብቻ ነው። ባባ የምትለው የቤቱን ጌታ ነው።

ባባ የሚሠራው አቡ ዳቢ ነው። እሑድ ጠዋት ሄዶ ሐሙስ ማታ አል ዓይን ይመለሳል። ሲገባ ልጆቹን ከመሳሙ በፊት ሳሎን ያለውን የባሕር ዓሣ ገንዳ ያያል። ዓሣዎቹስ አራት ናቸው፤ እሱ የሚሳሳው እንደ አበባ ለሚፈኩት፣ ኮራል ለሚባሉት የባሕር እንስሳት ነው። ከገንዳው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ጠጠር የሞላበት ቱቦ አለ። ጠጠሩ ዜኦላይት የሚሉት፣ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው፤ ውሃው በእሱ መካከል እያለፈ ይጣራል። የሚስራ ድርሻ ጠዋት ጠዋት የቱቦውን እጀታ ሳብ ለቀቅ አድርጋ ጠጠሩን መነቅነቅ ነበር። በነቀነቀችው ቁጥር ቡናማ ድፍርስ ይወጣና የጠራው ውሃ ውስጥ ይገባል። ይኼ ነገር ያንገበግባታል። እንዴት ሰው በንጹሕ ውሃ ላይ እድፍ ያራግፋል?

ዒድ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ማዳም፣ “ቤቱ ሁሉ ይብረቅረቅ” አለች። ሚስራ የምትፈልገው ይኼንኑ ነበር። ሰኞ ጠዋት ውሃውን ወደ ቱቦው የሚገፋውን ሞተር አጥፍታ ጠጠሩን አወጣች፣ በበረኪና ዘፈዘፈች፣ አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ ግቢው ውስጥ በትሪ አሰጣችው። ሲነጣላት ጊዜ ፎቶ አንስታ ለተማም ላከችለት። ተማም የኮምቦልቻ ልጅ፣ ያገሯ ሰው ነው፤ አቡ ዳቢ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ወዲያው ደወለ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ሽንብራ ነው ያሰጣሽው?”

“የባባ ጠጠር ነው። እንዴት እንደነጣ አየህልኝ?”

“ገንዳው ውስጥ መልሰሽዋል?”

“ገና ነው፣ ይድረቅልኝ ብዬ።”

“አልሐምዱሊላህ! እንዳትመልሺው! ድንጋዩ እኮ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ በረኪናውን ጠጥቶታል። ደግሞ ያ እድፍ ያልሽው ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ኮራሎቹ እሱን ነው የሚበሉት። ቁርሳቸውን አጥበሽ ደፋሽባቸው!”

ሚስራ ያለችበት ቁጭ አለች። ጊዜው አገራችን ለቤት ሠራተኛ የዐረብ አገርን መንገድ የዘጋችበት የእግዱ ዘመን ነው። ባባ ተቆጥቶ ከሸኛት መመለሻ የላትም። ኮምቦልቻ የጀመረችው ቤት ደግሞ ግድግዳው ቆሞ ጣራ ይጠብቃል።

ተማም ድምፁን አለዘበ። “አይዞሽ፣ ሱቃችን ያው ድንጋይ አለ። ነገ ዕረፍቴ ነው፣ በአውቶቡስ ይዤልሽ እመጣለሁ። ሙሉውን ትጨምሪዋለሽ፣ ማንም አያውቅ፤ ኸላስ!” ካለ በኋላ ግን፣ “ቆይ፣ ቆይ” አለ።

“ምነው?”

“አዲስ ድንጋይ ባንዴ ከሞላሽው ውሃውን ከልክ በላይ ያጠራዋል። ኮራሎቹ ነጥተው ሊሞቱ ይችላሉ። በግማሽ ነው የሚጀመረው።”

“ግማሽ ከሆነማ ባባ ገና ሲከፍተው ያውቃል።”

“ያውቃል።”

ሚስራ ያን ቀን ሙሉ ያለ ወትሮዋ ምንም ሳትፈትግ ዋለች። ማክሰኞ ተማም ድንጋዩን አመጣ። አለቀለቀችው፣ ግማሹን ቱቦው ውስጥ ጨመረችና ሞተሩን መልሳ አስነሣች። ከዚያ ቢስሚላህ ብላ ባባ ጋ ደወለች።

“ባባ፣ ድንጋዩን በበረኪና አጠብኩት።”

“መለስሽው?”

“አልመለስኩትም። በሱ ፈንታ አዲስ አስገባሁ፤ ግማሽ።”

“ግማሽ አድርጊ ያለሽ ማን ነው?”

“ዓሣ ሱቅ የሚሠራ ያገሬ ሰው።”

“ሐሙስ አያለሁ” ብሎ ዘጋው።

ሐሙስ ማታ ባባ እንደገባ ገንዳው ሥር ተንበረከከ። ቱቦውን አየ፣ ውሃውን በብልቃጥ ቀድቶ ጠብታ እየጨመረ መረመረ። ሚስራ በሩ ላይ ቆማ ፊቱን ታነባለች። ኮራሎቹ እንደፈኩ ናቸው። ባባ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም።

“ከዛሬ ጀምሮ በረኪና ሳሎን አይገባም።”

“ሳሎን ብቻ?” አለች፣ አፏ ቀድሟት።

“ሳሎን ብቻ” አለና ተነሣ። “ይኼ ድንጋይ በስድስት ሳምንት ይቀየራል። ያን ያገርሽን ሰው ጥሪውና አብረን እንቀይራለን።”

ሚስራ ወደ ማድቤት ሮጣ ስልኳን አነሣች።

“ተማም፣ በስድስት ሳምንት ይምጣ ብሎሃል።”

“አንቺስ?” አለ ተማም ቀስ ብሎ። “አንቺንስ ምን አለሽ?”

“እኔማ እዚሁ ነኝ። በሩን ማን የሚከፍትልህ መሰለህ?”