አለ የተባለው መብራት

የብርጓል ከአምበር ደብረ ማርቆስ የገባችው በፈረስ ጋሪ ነው። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ አውቶብሱም ሚኒባሱም ቆሟል፤ ባጃጆቹ ማደያው ደጅ እንደ ታመመ ከብት ተኮልኩለው ይውላሉ። ገና ከጋሪው ሳትወርድ፣ እንዴት አደራችሁ እንኳ ሳትል፣ የእህቷን ልጅ ምስጋናውን መኪናህ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም ብላ ያዘችው።

አንድያ ልጇ ዘመናይ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝታለች። ኩላሊቷ ከከዳት ሰንብቷል፤ ሐኪሞቹም ለባሏ ለዓለምነው ከእንግዲህ የእኛ ነገር አልቋል ብለውታል። ዓለምነው ለአማቱ ሲደውል ይህን አልነገራትም። ዘመናይ እህል ውኃ ትታለች፣ ዓይኗን ከበሩ ላይ አትነቅልም፣ ነፍሷ እርስዎን እየጠበቀች ናት ነው ያላት።

የብርጓል ይህን ነገር ታውቀዋለች። አባቷ ከመተማ የሚመጣ ልጁን ሲጠብቅ፣ የንስሐ አባቱ ሁለት ጊዜ ተሰናብተውት ሁለት ጊዜ ሰንብቶ፣ ልጁ ገብቶ እጁን ሲይዘው ነው ትንፋሹን የለቀቀው። የሚጠበቅ ሰው ካለ ሞት በር ላይ ይቆማል። ቢሆንም ሞት ስንት ቀን ደጅ ይጠናል? እሱም ይሰለቸዋል። ልጇን በሕይወት ሳለች ማየት ትፈልጋለች፤ ሌላ የምትፈልገው ነገር በዚህ ምድር አልቀራትም።

ምስጋናው አምና የገዛት አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና አለችው። ከገበያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል መናኸሪያ ሰው ያመላልስባታል፤ ሲገባ በመስኮት ገመድ አውጥቶ ይሰካታል። ከከተማው ወጥታ አታውቅም። ሲገዛት የብርጓል ራሷ፣ ድምፅ የሌላት መኪና፣ ድመት ነው እንዴ የገዛኸው ብላ ስቃበታለች። ዘንድሮ ግን አገሩ ሁሉ ሲቆም የምትንቀሳቀሰው ያቺው ድመት ሆነች።

ምስጋናው ስልኩን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠና መንገዱን ዘረዘረላት። መኪናዋ ሞልታ ከተነሣች እንጅባራ እንደምንም ትገባለች። እንጅባራ አንድ ሆቴል ግቢው ውስጥ ቻርጀር ተክሏል። የሰው አፍ ስላላመነ ዘበኛውን ለምኖ፣ መኪና ተሰክታ ስትሞላ በቪዲዮ አስልኮ አይቷል። ከእንጅባራ ባሕር ዳር ቀላል ነው። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ባትሪዋ ከዚህ ሞልታ በመነሣቷ ላይ ነው። ማርቆስ ላይ መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ንጋት ላይ ነው የመጣው፤ የቤት ሶኬት ደግሞ እንደሚያፈስ ጣራ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚሞላው። የጎደለው ግማሹ እስኪሞላ ይመሻል፤ ሲመሽ በዚያ መንገድ አይኬድም። ስለዚህ ነገ ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን አላት።

«ነገ የማን ናት?» አለችው።

የብርጓል ካርታ አታውቅም፤ የምታውቀው ዘመድ ነው። ደምበጫ ላይ የአጎቷ ልጅ አበባው ወፍጮ ቤት አለው። ምስጋናው ራሱ አንድ ቀን የወፍጮ መስመር ከቤት መስመር ይበረታል፣ መኪናም ቶሎ ይሞላል ሲል ሰምታዋለች። ታዲያ ከዚህ ተጎልቶ ጠብታ ከመቁጠር፣ ባለው ግማሽ ደምበጫ ገብቶ ከአበባው ወፍጮ መሙላት አይሻልም? አስደወለችው። አበባው የእሷን ድምፅ ሲሰማ ዘመናይን እየጠራ አለቀሰ፤ መብራት አለ ወይ ስትለው፣ ምን ማለትሽ ነው፣ አለ እንጂ፣ ብቻ እናንተ ኑ አላት።

ምስጋናው አልረካም። ከወፍጮው ፊት ለፊት ሱቅ ላለው ለአብዱረዛቅም ደወለ። የብርጓል ደምበጫ ተድራ በነበረ ጊዜ ጨውና ዘይት የምትገዛው ከእሱ ነበር። አብዱረዛቅ ነገር አላሳመረም። የለም፣ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ማርቆስ ላይ ሞልታችሁ ኑ፣ ካልሞላች አትምጡ አለና ዘጋው።

የብርጓል ፊቷ ጠቆረ። ልጇ የምትሞትባትን ሰው አትምጪ የሚል ምን ዓይነት አፍ ነው? ድሮም ቢሆን መርቅልኝ ሲሉት አንዲት ፍሬ የማይጨምር ነጋዴ ነበር አለች። ሚዛኑ ልክ ነበር፤ ያንን አላነሣችውም።

«አክስቴ» አለ ምስጋናው ቀስ ብሎ፣ «አንዱ አለ፣ አንዱ የለም ብሏል። የለም ያለው ምን ሊጠቀም ይዋሻል?»

«አበባው ሥጋዬ ነው። ያ ነጋዴ ምኔ ነው? ልጄ በር በር እያየች አንተ ሒሳብ ታስተምረኛለህ?»

ምስጋናው ገመዱን ነቀለ። ሚስቱ ዜማ ገመዱን ጠቀለለች፤ ከኋላዋ በሳሎኑ መስኮት አምፖሉ በቀን ቦግ ብሎ ይታያል።

ከማርቆስ ደምበጫ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ ባትሪዋም ያን ያህል አልቀነሰችም። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ገርጥቷል፣ መንገዱ ባዶ ነው፤ አልፎ አልፎ ገበያተኛ በፈረስ ይታያል። የብርጓል ሆዷ ትንሽ ቀለል ስላላት መናገር ጀመረች። እነዚህ በስልክ መንገድ የሚጠይቁ ልጆች ሰው መጠየቅ ያሳፍራቸዋል አለች። ቻርጀር ቻርጀር ይላል፤ ዘመድ ያለው ሰው መቼ ቸግሮት ያውቃል አለች። ምስጋናው የቀረውን የባትሪ ቁጥር እያየ ነዳ።

የአበባው ወፍጮ ከሩቅ ነበር የሚሰማው። ደምበጫ ሲገቡ ዝም ብሏል። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች የሉም፤ የተደረደረ የእህል ጆንያ የለም። አጥሩ ላይ ግን ትኩስ የበግ ቆዳ ተሰጥቷል። አበባው እየሮጠ ወጥቶ የብርጓልን ትከሻዋን ሳማት፣ ጉልበቷን ሊስም ጎነበሰ፣ ግቡ፣ በጉ ደርሷል፣ እጃችሁን ታጠቡ አለ።

መብራቱን ጠየቀችው። ይመጣል አለ። መቼ እንደ ሄደ ጠየቀችው። ወደ ቤቱ ሊስባት ሞከረ። እጇን ነጥቃ ስትቆም ትራንስፎርመሩ ከመስቀል ወዲህ እንደ ተቃጠለ፣ ነገ እንሠራለን እያሏቸው ኅዳር እንደ ደረሰ ነገራት።

«ታዲያ አለ ለምን አልከኝ?»

«እትዬ የብር፣ ልጅሽ ታማ ልምጣ ስትዪኝ የለም ልበልሽ? በየትኛው አፌ?»

የብርጓል ምላስ ምላጭ ነው። በዚያ ምላስ ቄስ ተገስጾበታል፣ ዳኛ ተዋርዶበታል። አበባውን ግን የምትለው አጣች። በዚያ አገር እንግዳ እመጣለሁ ሲል የለም አይባልም። ጎተራ ቢራቆትም አለ ይባላል፤ እንግዳው መንገድ ላይ ሳለ ከጎረቤት በቁና ይበደሩና እንግዳው ሳያውቅ በልቶ ይሄዳል። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ እንዲሁ አለ ስትል ኖራለች፣ አንድ ቀን አላፈረችም። አበባው ደውሎ ቢጠይቃት እሷም አለ ትለው ነበር። መብራት ግን ከጎረቤት በቁና አይበደርም። በጉን አረዱ፣ ቤቱን ጠረጉ፣ መብራቱን ከየት ያምጡት?

ምስጋናው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያሰላ ጀመር። የቀረችው ወደ እንጅባራ አታደርስም። ወደ ማርቆስ ለመመለስ ደግሞ የወረዱት ሁሉ ዳገት ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ እሱንም ላትወጣው ትችላለች፤ ብትወጣውም ባዶዋን ስለምትገባ ነገ ቀኑን ሙሉ ሳትሞላ አትነሣም። ለዜማ ደወለ። ሲጨርስ ስልኩን ጭኑ ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

የብርጓል ምን አለችህ አለችው። ሊደብቃት ፈለገ፤ የሚደበቅላት ሴት አይደለችም።

«መብራቱ እናንተ ከወጣችሁ ወዲህ አንዴም አልጠፋም አለች።»

የብርጓል የወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ታግሣ መኪናዋ እስክትሞላ ብትጠብቅ ኖሮ ነገ ረፋድ ላይ እንጅባራ ነበሩ። ከቤቱ ደግመው ደጋግመው ብሉ ይላሉ።

ፍኖተ ሰላም ላይ አበባው የሚያውቀው ሰው ነበረው፤ ተደወለለት። አለ፣ ብቻ ኑ አለ። ምስጋናው እየሞላች ያለች መኪና ወይም የበራ አምፖል ፎቶ ላክልኝ ቢለው፣ ኧረ ምን ፎቶ ያስፈልጋል፣ ቤታችሁ አይደለም ወይ፣ ኑ አለ። ምስጋናው አክስቱን አየ። ጠዋት ይህን ብትሰማ ተነሥ ትለው ነበር።

ወደፊት ሄደን ከሌለ ሜዳ ላይ ቀረን ማለት ነው፣ እርስዎ ይወስኑ አላት። ፍኖተ ሰላም ይቅር አለች።

አብዱረዛቅ ከሱቁ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ሸብቷል፣ ጎብጧል። ስታየው ራሷን ቀና አደረገች፤ መሸነፏን ለማንም በነፃ አትሰጥም።

«ና፣ ሳቅብኝ።»

«እኔ የምስቅበት አይደለም፣ እትዬ። ለማቀዝቀዣዬ የያዝኳት ጄኔሬተር አለች፣ ትንሽ ቤንዚንም አለችኝ። ማርቆስ ትመልሳችኋለች። እንጅባራ አታደርስም፤ እንዳልዋሽሽ።»

ጄኔሬተሩ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ። በመኪናዋ ውስጥ ያለው የባትሪ ቁጥር እንደ ሽማግሌ እየቆመ ወደ ላይ ወጣ። የብርጓል ትንሽ ተመልክታው ተነሣች፣ ዱላዋን ያዘች፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት መራመድ ጀመረች። ምስጋናው አክስቴ የት ነው ቢላትም አልቆመችም። ጉልበቷን እንደ እሳት ያቃጥላታል፤ ቢሆንም ሄደች። የታሰሩትን ፈረሶች አለፈች፣ ቆመው የዋሉትን ባጃጆች አለፈች፣ ቤቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር እግሯ እምቢ አላት። እዚያው ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ መንገዱ ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማዩ ይሄዳል፤ አንድም የሚመጣ መኪና የለበትም።

ምስጋናውና አበባው ተከትለዋት ሲደርሱ ስልኩ ጠራ። ዓለምነው ነው። ወስዳ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ግን የልጇን ትንፋሽ ሰማች፤ ስልኩን አፏ ላይ ይዞላት ነው።

«እማዬ። የት ደረስሽ?»

«ደምበጫ ነኝ።»

«ደምበጫ ቅርብ ነው። ትደርሻለሽ አይደል?»

አበባው በእጁ፣ በቅንድቡ፣ በመላ አካሉ አዎ በያት ይላታል። አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ ብትላት ዘመናይ ዛሬንም ነገንም ያንን በር እያየች፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ በእያንዳንዱ ኮቴ እየባነነች ትጠብቃለች። ነገ ማታም የሚገባው ነርስ ነው።

«አልደርስም ልጄ» አለች የብርጓል። «መኪናዋ አትችልም። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ቸኩዬ። እኔን አትጠብቂ።»

ከወዲያ ማዶ ትንፋሹ ብቻ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ደክሞሻል?»

«በጣም ደክሞኛል፣ እማዬ።»

«ታዲያ ተኚ። በሩን ተዪው፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው መልሺና ተኚ። እኔ አልቀየምሽም።»

ዓለምነው ስልኩን ተቀብሎ ምን አሏት፣ ፊቷን አዞረች፣ ምን ብለዋት ነው እያለ ጮኸ። የብርጓል ስልኩን ለምስጋናው ሰጠችው። አበባው ራሱን ይዞ፣ ምን ዓይነት እናት ነሽ አላት። ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ ውለው የማያውቁት የአጎት ልጆች ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም።

ቤንዚኑ አልቆ ጄኔሬተሩ ሲሰናከል መኪናዋን አስነሡ። አብዱረዛቅ አምላክ ያጽናሽ አላት፤ የብርጓል እጁን ያዘችና ለቀቀችው። ዳገቱን ሲወጡ ምስጋናው ባትሪዋን ለመቆጠብ ማሞቂያውን አጥፍቶ ነበር፤ ብርዱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ። እንባ የላትም። አንድ ጊዜ ብቻ መስኮቱን አውርድልኝ አለችው፤ አወረደላት። ማርቆስ ሲገቡ አመሻሽ ነው፣ ከተማው ዳር እስከ ዳር በርቷል። ምስጋናው ከመኪናው ዘሎ ገመዱን ሰካ። ነገ ማታ ትሞላለች፣ ከነገ ወዲያ ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን፣ እንደርሳለን አክስቴ፣ ይኸው እየሞላች ነው ይላታል። እሷም እሺ አለችው። ዓለምነው ሲደውል ሁለቱም ገና ግቢው ውስጥ ነበሩ።

በማግሥቱ መኪናዋ ስትሞላ ውላ አደረች፤ በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወጡ። እንጅባራ በደህና ገባች፤ ቻርጀሩም ዘበኛው እንዳለው ነበር፣ እንደ ተባለውም ሞላ። ባሕር ዳር ሲደርሱ ሣጥኑ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጦ ሰዉ እናትየዋን ይጠብቃል። ሴቶቹ ደግፈው አወረዷት፤ ዘመናይ ሳትንገላታ፣ እንደ ተኛች ነው ያለፈችው ብለው በጆሮዋ ነገሯት። ዓለምነው በሕዝቡ መካከል አልፎ መጣ። ዓይኑ አብጧል።

«እናትሽን ጠብቂ እያልኩ ስንት ቀን ያቆየኋትን፣ በአንድ ቃል ጨረሷት» አላት። «ለሬሳዋ ግን ደረሱ።»

የብርጓልን የሚያውቁ ምላሷን ጠበቁ። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ እውነትህን ነው አለችው፣ ሣጥኑ አጠገብ ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች።