የአምስት ሴት እርሾ

ሰፈሩ «አልሰማም» ብሎ የሚጠራት ጋጋሪ አንዴ ካለች አለች ነው፤ ቢለምኗትም ቢቆጧትም ጆሮ ዳባ ልበስ። ጦርነቱ አልፎ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ግማሽ ግድግዳው በመድፍ የተናደውን ዳቦ ቤት እናስነሳዋለን ያለችውም እሷ ናት። እስከዚያው ሰፈሩ የሚበላው ከሩቅ ከተማ በሳምንት ሁለቴ በመኪና የሚመጣለትን ዳቦ ነበር። ዳቦ ከተባለ! እስኪደርስ ደርቆ ሚስማር ይመታበታል።

ዳቦውን የሚያመጣው ወጣት የእርዳታ ሠራተኛ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እሺ አላት።

«ሁለት ጆንያ ዱቄት እሰጣችኋለሁ፤ አንዱ ለሙከራ፣ አንዱ መጠባበቂያ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ደህና ዳቦ ካሳያችሁኝ በየወሩ ዱቄቱ ለእናንተው ይመጣል። ካልሆነ በመኪናው ዳቦ ትቀጥላላችሁ።»

«አንተ ለመኪናህ ሌላ ሥራ ፈልግለት፣ ልጄ» አለችው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እሷና አራት ሴቶች አንዱን ጆንያ በየተራ እያሹ አቦኩ። እርሾው የእሷ ነበር፤ በስደቱ ሁሉ በጠርሙስ አድርጋ ወገቧ ላይ አስራ የዞረችው። ሊጡን ገንዳው ውስጥ ሸፍና፣ ግንበኛው ከፍርስራሽ በለቀመው ጡብ የሠራውን ምድጃ ለማየት ወደ ጓሮ ወጣች።

«አይቸኩሉ እትዬ» አላት ግንበኛው። «ጡቡ ገና እርጥበት አለው። እሳቱን ቀስ እያልን ካላሳደግነው ይሰነጠቃል። ሦስት ሰዓት ይስጡኝ።»

«ሊጡም ሦስት ሰዓት ነው የሚፈልገው። ተስማምተናል።»

አንድ ሰዓት ያህል እንጨት ስታቀብለው ቆይታ ተመለሰች። ሊጡ ክዳኑን ገፍቶ፣ የገንዳውን ከንፈር አልፎ፣ ወደ ወለሉ ሊወርድ ደርሷል።

«ማነው የነካው?»

ከአራቱ አንዷ የሆነችው የወንድሟ ሚስት አንገቷን ደፋች። «እኔ… ትንሽ ከቤቴ እርሾ ጣል አድርጌበታለሁ። ያንቺው በስደት ተንገላቷል፣ ደክሞት ይሆናል ብዬ እኮ ነው።»

«እንዴ!» አለች ጎረቤቷ። «እኔም እኮ ጨምሬያለሁ!»

ሦስተኛዋም አራተኛዋም ባዶ ጣሳቸውን ከነጠላቸው ስር አወጡ። ለካ የማሸት ተራዋ ሲደርስ እያንዳንዷ ዘወር እያለች ጨምራለች። በዚያ ሰፈር ሴት ባሏን ለጎረቤት ታምን ይሆናል እንጂ የሰው እርሾ አታምንም።

«አሁን ምን ይዋጠን?» አለች የወንድሟ ሚስት። «ምድጃው ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ሊጡ ሆምጥጦ ሊሟሽሽ ነው!»

አልሰማም ደንግጣለች፤ ፊቷ ግን አላሳበቀባትም። እጇን እስከ ክርኗ ሊጡ ውስጥ ከተተች። ነፍስ አለው፤ እንዲያውም ጉልበት በዝቶበታል። ጉልበት ለበዛበት ደግሞ መድኃኒቱ ሥራ መስጠት ነው።

«ሁለተኛውን ጆንያ አምጡ።»

«መጠባበቂያውን? ከተበላሸስ?»

«እስካሁን የተጠባበቅነው ይበቃል። ከጉድጓዱ ቀዝቃዛ ውሃ አምጡ፣ ጨው አምጡ፣ ክንዳችሁን አምጡ!»

ገንዳው ስላልበቃ በልብስ ማጠቢያው ሁሉ አቦኩት። አዲሱ ዱቄትና ቀዝቃዛው ውሃ ሊጡን አደብ አስገዙት። ግንበኛው «አሁን!» ብሎ ሲጣራ ዳቦው ተድቦልቡሎ ይጠብቅ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወጣቱ መጣ። ከመደርደሪያው አንዱን አነሳ፣ ቆረሰ፣ እዚያው ቆሞ ጨረሰው። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል እጁን መታችው።

«ቁጠር እንጂ፣ ብላ ያለህ የለም! ሦስት መቶው ያውልህ። ሌላው ሦስት መቶ ምድጃ እየገባ ነው፤ ለላይኛው መንገድ ሰዎች።»

ወጣቱ ሳቀ። «ሰኞ ዱቄቱ ይመጣል። ለሌሎች ሰፈሮች እንድነግራቸው፣ እርሾው ምን ያህል ነው?»

«አምስት ሴት» አለችው። «እርስ በርስ የማይተማመኑ።»

ሲሄድ፣ ለነገ ካስቀረችው ሊጥ ቆንጥራ ጠርሙሷን ሞላች። ዞር ስትል አራቱ ሴቶች ጣሳቸውን ከፍተው ተሰልፈዋል። ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ያኔ ዓይኗ የተናደው ግድግዳ ላይ አረፈ። አንድ መድፍ አንድ ጠርሙስ ይሰብራል፤ አምስት ቤት የተቀመጠን እርሾ ግን ከየት አግኝቶ ይጨርሰዋል?

«አምጡ» አለች፣ ለእያንዳንዳቸው እየቆነጠረች። «ከእንግዲህ ግን ስትጨምሩ ትነግሩኛላችሁ!»

«እሺ» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

አላመነቻቸውም። ግንበኛውን ጠርታ እስከ ሰኞ ትልቅ ገንዳ እንዲሠራላት አዘዘችው።